አጭር ኳስ አቃተን

ኧረ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቃጠለው? አመሻሽ ላይ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የትኛውም ሜዳ ዳር ቆማችሁ እዩ። ልጁ ከራሱ ሜዳ ኳሷን ይዞ ይነሳል፤ አንዱን ያልፋል፣ ሁለተኛውን በትከሻው ያታልላል፣ መስመሩን ይዞ ይነጉዳል። ዳር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። የቀረው ስምንት ሜትር ላይ ብቻውን ለቆመው ጓደኛው መቀነስ ብቻ ነው። ስምንት ሜትር! ያችን ጊዜ ወይ አናቷን ይመታትና ተከላካዩ እግር ሥር ትንከባለላለች፣ ወይ ከሥሯ ይገባባትና ከጎሉ ጀርባ ማንጎው ላይ ትሰቀላለች። ሰው ሁሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ "እህህ" ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። በማግስቱም ያው። በሳምንቱም ያው።

የማዕዘን ምቱንማ ተዉት። ከማዕዘኑ እስከ ቅርቡ ቋሚ ሠላሳ ሜትር ገደማ ናት። አምስት ልጆች ዘለው በጭንቅላት ሊገጩ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ ኳሷ ግን ቅርቡ ቋሚ ላይ የቆመውን የመጀመሪያውን ተከላካይ ጉልበት አታልፍም። በአንድ ጨዋታ ሰባት የማዕዘን ምት አግኝቶ ሰባቱንም የመጀመሪያው ሰው ላይ የጨረሰ የሰፈር ቡድን በዓይኔ አይቻለሁ። ወደ ላይኛው ሰፈር ወደ ሸቻ ብትወጡም ከዚህ የተለየ አታዩም።

የሚያንገበግበው ደግሞ ይህ ከተማ ኳስ የማያውቅ ከተማ አለመሆኑ ነው። የከተማችን ክለብ አዞዎቹ ሲጫወቱ ስታዲየም የሚገባው ሕዝብ ጥሩ ቅብብል ሲያይ ከጎል እኩል ያጨበጭባል። ልጆቻችን ፍጥነት አላቸው፣ ጉልበት አላቸው፣ በቆላው ሙቀት ሁለት ሰዓት ሮጠው አይደክሙም። ረጅሙን መንገድ ሄደው አጭሩ ላይ ነው የሚወድቁት።

የእኛ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። በ1954 ዓ.ም ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳች አገር፣ ከውድድሩ 31 ዓመት ርቃ ቆይታ በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ ስትመለስ በሦስት ጨዋታ ያገባችው አንድ ጎል ነው፤ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ያስቆጠራት። በ2014 ዓ.ም ካሜሩን ላይ ደግሞ በሦስት ጨዋታ ሁለት፤ አንዷም ፍጹም ቅጣት ምት ናት። ስድስት ጨዋታ፣ ሦስት ጎል። በሁለቱም ጊዜ ቡድናችን ኳስ ይዞ ለመጫወት ሲደፍር አይተናል፤ ጎሉ አጠገብ ሲደርስ ግን የመጨረሻዋ ኳስ እንቢ ትለዋለች። ብሔራዊ ቡድን የሚገባው ልጅ በአሥር ዓመቱ የሰፈር ሜዳ ላይ ያልተማረውን ሃያ አምስት ሲሞላው ከየት ያመጣዋል?

ምክንያቱን ስትጠይቁ ሁሉም የየራሱን ይሰጣችኋል። "ልቡ ፈሪ ነው" ይላል አንዱ። "ታኬታው ነው" ይላል ሌላው። "ሜዳው ነው" የሚለው ይበዛል፤ እሱ እንኳ ግማሽ እውነት አለው። በበጋ አቧራና ጠጠር ነው፣ የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ሲመጣ ጭቃ ነው። ኳሷም አታግዝም። ደንቡ የኳስ አየር ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይሁን ይላል፤ እኛ ግን በእጃችን ተጭነን "ደህና ናት" እስክንል እንነፋለን፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ የነፋናትም ቀትር ላይ ሙቀቱ አየሯን ሲያሰፋው ይብስ ትጠነክራለች። ይህ ሁሉ አለ። ነገር ግን በዚያው ሜዳ፣ በዚያችው ኳስ፣ አንዱን አጭር ኳስ አሳምሮ የሚሰጥ ልጅ ሌላውን ሲያበላሽ ሜዳውን ምን ብለን እንከሳለን?

አቧራው ራሱ መልሱን ሰጥቶኛል። በበጋው አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ሯጭና ጎበዝ ልጅ፣ አጭር ኳስ እያበላሸ አልቅሶ ሊሞት ደረሰ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባዶ ቢጫ ጀሪካን አሥር ሜትር ላይ አቆምኩለትና "በል ምታ" አልኩት። እያንዳንዱን ከመታ በኋላ ኳሷን ትቼ መሬቱን አየሁ። ኳሷ የነበረችበት ትንሽ ክብ ትታያለች፤ ከጎኗ ደግሞ የቆመበት የግራ እግሩ ዱካ። ኳሷ ሰማይ በወጣችበት ጊዜ ዱካው ከክቧ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ኋላ ቀርቶ ተረከዙ ጠልቋል። አናቷን መትቶ ባንከባለላት ጊዜ ዱካው ከክቧ ቀድሞ ተገኘ። ጀሪካኑን ያንኳኳባቸው ሁለት ምቶች ላይ ግን ዱካው በትክክል ከክቧ ጎን፣ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ጣቱ ወደ ጀሪካኑ አቅንቷል። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ከዱካው እስከ ክቧ ለካና "ጋሼ፣ እኔ እኮ በቀኝ እግሬ ነበር የምናደደው" አለኝ።

ነገሩ ይኸው ነው። የቆመው እግር ወደ ኋላ ሲቀር ሰውነት ወደ ኋላ ይጋደማል፤ የሚመታው እግርም ወደ ላይ እየወጣ ኳሷን ከሥሯ ያገኛታል። የቆመው እግር ሲቀድም የሚመታው ገና እየወረደ ሳለ አናቷ ላይ ያርፋል። ዓይን ኳሷን ትቶ ቀድሞ ጓደኛውን ለማየት ከተነሳ አንገት ይነሳል፣ ደረት ይከተለዋል፣ የቀረው እንደምታውቁት ነው። ቁርጭምጭሚት ላላ ካለም የመታው ሰው ራሱ ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ፍሬኑ ነው። ልጁ ለሠላሳ ሜትር እንደሚመታ ሰው እግሩን ወደ ኋላ ይስባል። እግሩ እየመጣ ሳለ "ይበዛል" ብሎ ይፈራል፤ ኳሷ ጋ ሲደርስ ፍሬን ይይዛል። ፍሬን የያዘ እግር ይንቀጠቀጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ ይፈታል፣ ኳሷም ሳትሞት ሳትድን መሀል መንገድ ትቀራለች። እኛ ደግሞ ከዳር ሆነን "ቀስ! ቀስ በል!" እያልን ፍሬኑን እናስይዘዋለን። ስንቱን ልጅ በዚች ቃል እንዳበላሸነው ሳስበው ሆዴን ይበላኛል። ማለት የነበረብን "ትንሽ ሳብ፣ ሳትፈራ ምታ" ነው። ርቀቱ የሚያጥረው እግር ወደ ኋላ የሚሳብበት ሲያጥር ነው፤ ኳሷ ላይ ሲደርሱ በማዘግየት አይደለም።

ጎልፍ የሚጫወቱ ሰዎችም በዚሁ ይማረራሉ። ሁለት መቶ ሜትር አጥርቶ የሚመታ ሰው ከጉድጓዷ ሃያ ሜትር ሲቀረው ወይ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ይምሳል፣ ወይ አናቷን መትቶ ማዶ ያሻግራታል። አሰልጣኞቻቸው የሚነግሯቸውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ዱላውን ወደ ኋላ አታስረዝም፣ ክብደትህን ፊተኛው እግርህ ላይ አድርግ፣ ስትመታ አታዘግይ። ዱላም ሆነ እግር፣ አጭር ምት የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው።

ታዲያ ይህ በወር የሚስተካከል ነገር ለምን ዕድሜያችንን ይበላል? ስላልተሠራበት ነው። ልምምዳችንን እዩት። ልጆቹን የሸቻን ዳገት ያስሮጧቸዋል፤ ሲመለሱ ሃያ ልጅ ለአንድ ኳስ ይሰለፋል፤ እያንዳንዱ ከሃያ ሜትር አንዴ ለግቶ ኳሷን ለማምጣት ይሮጣል፤ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ግጥሚያ። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ልጅ ተረጋግቶ አጭር ኳስ የሚመታው አሥር ጊዜ አይሞላም። እኛ በልጅነታችን የካልሲ ኳሳችንን ከግድግዳ ጋር እያማታን ነው ያደግነው። ግድግዳው የሰጠኸውን ያንኑ ይመልስልሃል፤ ካበላሸህ ራስህ ሮጠህ ታመጣታለህ። ዛሬ ግድግዳው ሁሉ ሱቅ ሆኗል፣ ኳስ የሚያማታ ልጅም ይባረራል።

ያ ልጅ ዛሬም አልፎ አልፎ ይስታል። ሲስት ግን እጁን ወደ ሰማይ አያነሳም፤ ጎንበስ ብሎ ዱካውን ያያል። ከአሥር ሁለት የነበረው በአምስት ሳምንት ከአሥር ሰባት ደርሷል። ያስከፈለን ባዶ ጀሪካንና በቀን ሩብ ሰዓት ነው።

እናንተ ልጆች የምታሠለጥኑ፣ እናንተም ልጃችሁ ኳስ ሲጫወት ዳር ቆማችሁ የምትጮኹ አባቶች፣ እባካችሁ ከዳገቱ ሩጫ ላይ ሩብ ሰዓት ቀንሱና ለአጭር ኳስ ስጡ። ልጁ ሲስትም "ቀስ በል" ብላችሁ አትጩኹበት፤ ጠጋ በሉና የቆመበትን እግር ዱካ አሳዩት።