በሰኔ አንድም አይዘራም

ሐኪም የተማረውን በበሽተኛ፣ ጠበቃ በተከሳሽ፣ መሐንዲስም በድልድይ ሲያስመሰክር፣ በአካባቢ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪውን የተቀበለ ሰው ግን የሚያስመሰክርበት ጉዳይ ከሰማይ በታች፣ ከምድር በላይና በምድርም ከርሥ ውስጥ ያለው ፍጥረት ሁሉ ስለሆነ፣ የሹመቱ ስፋት ራሱ ሥራ ፈት ያስመስለዋል። በእኛ በአገው ግምጃ ቤት ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ “ምን ሆነህ መጣህ?” ብሎ መመርመሩ የቆየ ሥርዓት ነውና፣ እኔም በተራዬ “አየርን፣ ውሃንና አፈርን የሚመለከት ትምህርት ነው” ብዬ በትሕትና ብመልስ፣ አንዲት እናት ስኒያቸውን አስቀምጠው “መልካም ነው፤ ከሦስቱ ደመወዝ የሚከፍልህ የትኛው ነው?” ሲሉ ጠየቁኝ። በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥያቄ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ወደዚህ ትምህርት ከሚገቡት መካከል በልጅነቱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ጥሪ የሰማ ጥቂት ነው። ተማሪው ሁሉ ሕክምናን፣ ምሕንድስናንና ሕግን በምርጫ ቅጹ አናት ላይ ከደረደረ በኋላ፣ ባዶ የቀረው መስመር እንዳያሳፍረው ሲል ብቻ በግርጌው የሚያኖራቸው የትምህርት ክፍሎች አሉ፤ የምደባው ቀን ሲደርስ አናቱ በባለ ብዙ ነጥቦች ይሞላና ለቀሩት ግርጌው ይደርሳቸዋል። የደብራችን የቅኔ መምህር የኔታ የእኔን ምደባ በሰሙ ጊዜ፣ ሐዋርያው ማትያስም ከአሥራ አንዱ ጋር የተቆጠረው በዕጣ መሆኑን አስታውሰው “በዕጣ የተሾመ አያንስም፤ ብቻ የማንን ቦታ እንደ ተካህ አጣራ” ብለው አጽናኑኝ። የይሁዳ ወንበር መሆኑ ትዝ ያለኝ ከቤታቸው ወጥቼ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ከትምህርቱ ሁሉ ቀድሞ ወደ ቤታችን የገባው የጭስ ነገር ነበር። የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን የምድር ሙቀት ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ እንደሚል በብዙ ድካም አስልቶ ያሳተመው፣ አባቶቻችን ዓድዋ በዘመቱበት በዚያው በ1888 ዓ.ም. ነበርና፣ አባቴም በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል እንደ መሆናቸው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ፈረሳቸውን አስጊጠው የሚወጡ ሰው ስለሆኑ፣ ይህን የዘመን መገጣጠም ሳልነግራቸው ማለፍ አልሆነልኝም። “እኛ ፈረስ ስንጭን እሱ ጭስ ይመዝን ነበር በለኛ!” ብለው ተደነቁ። አሬኒየስ የብርድ አገር ሰው እንደ መሆኑ ሙቀቱ ቢመጣ ለመጪው ትውልድ የተሻለ አየር ይሆናል የሚል ተስፋ እንደ ነበረው ስጨምርላቸውማ፣ በሐምሌ ጉም ውስጥ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ “ብርድ ያውቃል ማለት ነው፤ ደግ ሰው ነው” አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር የምሰብከውን ስብከት ወደ በጋ ማስተላለፍ ግድ ሆነብኝ።

የአፈሩ ትምህርት ደግሞ ወደ አክስቴ ጓዳ መራኝ። በአገው ምድር ዝናቡ ብዙ ነው፤ የዝናቡም ብዛት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ወደ ታች ሲያሰርገው ቀዩ አፈር እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ ፒኤች የሚባለው ልኬት ከ5.5 ዝቅ ሲል አሉሚኒየም እየሟሟ የገብሱንና የስንዴውን ሥር ይጎዳል፣ ፎስፈረሱንም አፈሩ ራሱ አሥሮ ያስቀረዋል፤ ገበሬውም በውድ የገዛውን ማዳበሪያ በትኖ የሚያጭደው ትዝብት ይሆናል። መድኃኒቱ በየሄክታሩ በብዙ ኩንታል የሚበተን የኖራ ዱቄት ነው። ይህን የኮምጣጣነት ልኬት በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረን ሶረንሰን ይሠራ የነበረው በኮፐንሃገን፣ በካርልስበርግ ቢራ ጠማቂዎች ቤተ ሙከራ መሆኑን ስነግራቸው፣ በጠላቸው ስማቸው የተጠራ አክስቴ እጃቸውን በወገባቸው አድርገው “ጠማቂ ላወጣው ልኬት ነው ይህን ሁሉ ዘመን ከቤት የወጣኸው? ከጋኔ አጠገብ ብትቀመጥ ኖሮ ጥንስሱ ሳይደርስ ትጨርሰው ነበር” አሉኝ። የጓሯቸውን የገብስ መደብ ለክቼ ቁጥሩ ወደ 5 መውረዱን ባስታወቅኋቸው ጊዜም “ጠላዬ እንኳ እንዲህ አይኮመጥጥ!” ብለው በአፈሩ ላይ ተቆጡ። ጠላ በጠባዩ ከዚያ አፈር ይልቅ የኮመጠጠ ነው፤ ነገር ግን የቀረበለትን ዋንጫ ሳይጨርስ እንዲህ ያለውን እውነት የሚናገር ሰው ሳይንስን ያውቅ ይሆናል እንጂ ጥበብን አያውቅም።

የውሃውን ምርመራ የወደዱት የኔታ ናቸው። ውሃ በቆሻሻ ምን ያህል እንደ ተበከለ ለማወቅ፣ በውስጡ ያሉት ረቂቃን ነፍሳት ቆሻሻውን ሲበሉ የሚፈጁት ኦክስጅን በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን ይለካል፤ 5 ቀን የሆነበትም ምክንያት፣ ሥርዓቱን ያወጡት እንግሊዞች የአገራቸው ወንዝ ባሕር እስኪገባ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይፈጅበትም ብለው ስላሰቡ ነው ተብሎ ይነገራል። የኔታ ጺማቸውን እየዳሰሱ “የእኛው ውሃ ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ፣ ግብፅ እስኪደርስ ስንት ክረምት ያልፍበታል፤ ለእሱስ የተለየ ቀኖና አልተሠራለትም?” አሉ። ጥያቄውን ለአንድ መምህሬ ባቀርበው፣ ከብዙ ዝምታ በኋላ “ፈተና ላይ 5 ቀን በል” የሚል ፍትሐዊ ብያኔ ሰጠኝ።

የትምህርቱም የቤታችንም ልብ ያለው ግን በዲከረንስ ላይ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን፣ በፋግታ ለኮማና በዙሪያዋ ባሉ የአዊ ወረዳዎች የደከመውን መሬት ሁሉ አለበሰው፤ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያሳድገዋል፣ በአራትና በአምስት ዓመቱም ቆርጦ ያከስለዋል፣ ማሳውንም መልሶ ያርሰዋል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይወርዳል። የእኔም ደብተር፣ ጫማና የአውቶቡስ ገንዘብ የወጣው ከዚያው ከአባቴ የከሰል ክምር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መምህራችን፣ በአፈር ተከድኖ በሚከሰል ክምር ከ100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ብዙም እንደማይበልጥና የቀረው በጭስና በእንፋሎት መልክ ወደ ሰማይ እንደሚያርግ ሲያስተምር፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ለሚታየው የአየር ብክለት በሥጋና በነፍስ ተጠያቂ የሆንሁ እኔ ብቻ መሰለኝና ወደ መስኮቱ ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥሁ።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንድ ፕሮጀክት ሲታሰብ ነዋሪው ሕዝብ አስተያየቱን እንዲሰጥ ያዝዛልና፣ ለክፍል ሥራ ብዬ የዲከረንስን ጉዳይ ስመረምር የመጀመሪያው ሕዝብ አባቴ ሆኑ። ከእኔ ጥያቄ በፊትም እሳቸው ጠየቁ፤ “ለመሆኑ ይህ ዛፍ ደግ ነው ወይስ ክፉ?” እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ አንድም ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ አፈሩን ያዳብራል፣ አንድም መጤ ነውና ከማሳ ወጥቶ የአገሬውን ቁጥቋጦ ሊያፈናቅል ይችላል፣ አንድም የተፈጥሮውን ደን ከመጥረቢያ ያሳርፋል፣ አንድም ጭሱ የከሳዩን ሳንባ ይጎዳል እያልሁ ስደረድር፣ አብረውን የተቀመጡት የኔታ ፊታቸውን ደስታ አብርቶት “ይህማ የእኛ የአንድምታ ትርጓሜ ትምህርት ነው! ንባቡ መሬት ሆነ እንጂ ሐተታው ያው ነው” ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። አባቴ ግን ወደ ማሳቸው እየተመለከቱ “የኔታ፣ ለእርስዎ መልካም ነው፤ መጽሐፉ ነገም ይጠብቅዎታል። በሰኔ ግን አንድም አይዘራም” አሉ። ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ጽሑፍ ተቺ አላገኘሁም፤ ሳይንሳችን ነገሩን ሁሉ አገላብጦ ማየትን ያስተምራል፣ ገበሬው ግን በሬው ተጠምዶ እየጠበቀው አንዱን መምረጥ አለበት።

ከዚያም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ያው ዛፍ መታመም ጀመረ። ዝገት የሚሉት የፈንገስ በሽታ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን እያጠቃ፣ በአዊ ብዙ የዲከረንስ ተክል ከመቆረጫ ዕድሜው በፊት ደረቀ፤ ፈንገሱም የዚያው የአውስትራሊያ ተወላጅ ነውና፣ ዛፉ ባሕር ተሻግሮ ቢሰደድም የአገሩ በሽታ አድራሻውን አልሳተውም። ያን ጊዜ እኔ ባለሙያ ሆኜ ተጠራሁ። ኡሮሚክላዲየም የሚለውን ስም በተናገርሁ ጊዜ ሕዝቡ በአክብሮት ዝም አለ፤ አባቴም “ልጄ ዛፍ አያድንም፤ የገዳዩን ስም ግን ከነአባቱ ያውቃል” ብለው ለጎረቤት አስተዋወቁኝ፤ እውነትም ያለ ማጋነን የዲግሪዬ ትርጉም ይህ ነበር።

የኔታ ግን በዚያው ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየጠቆሙ፣ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው ተደባልቀው ሲያረጁ አንድ በሽታ ሁሉንም አንድ ላይ ሲገንዝ አለማየታቸውን ተናገሩ። እኔ ይህን ብዝኃ ሕይወት በሚል ስም ተምሬው ነበር፤ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴም የሰሜን ኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንቶ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ጽሑፉን አቅርቦበታል። አባቴ የሁለታችንንም ትምህርት አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ፤ ከእኔ ይልቅ የኔታን እንደ ሰሙ ግን ከአነቃነቃቸው ያስታውቅ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት የማሳችን መልክ ተለወጠ፤ በወንዙ ዳር ቀርቀሃ፣ በዳገቱ ከበሽታው የተረፈው ዲከረንስ፣ በድንበሩ ብሳና፣ በሜዳውም ገብስና ድንች ተደለደለ። የኔታ ሲያልፉ ቆም ብለው “ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” ቢሏቸው፣ አባቴ ሞፈራቸውን ሳይለቁ “አንድም ቀርቀሃ፣ አንድም ዲከረንስ፣ አንድም ድንች” ብለው መለሱ። “ዋናው ትርጓሜስ የትኛው ነው?” ሲሏቸው ጊዜ፣ አባቴ በሬያቸውን ገፋ አድርገው “እሱን ገበያው ይተርጉመው” አሉ። ወሩም ሰኔ ነበር።