«አንተ ጋ ቦታ አለ አይደል?»

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አሜሪካ ያለን ሐበሾች ሰላምታችን ይቀየራል፦ «ለኳሱ ትሄዳለህ?» የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ፣ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያዘጋጀውን ውድድር ማለታችን ነው። ኳሱ እርግጥ ሰበብ ነው። ቀን ሜዳው ዳር ክትፎና የናፈቀ ሰው ፍለጋ፣ ማታ ዘፈን፣ በመሃል ከተማ መዞር። ለዚህ ሁሉ ልብስ ያስፈልጋል ብዬ ሻንጣ የምሞላ ኋላ ቀር ሰው ነኝ።

ወዳጄ ግን ሠልጥኗል። «ቀለል ብሎ መጓዝ» የሚሉትን ጥበብ ተክኖታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኳሱ ሲያትል ሲሆን ከዋሽንግተን ዲሲ አብረን ተነሣን። እኔ ሻንጣዬን እጎትታለሁ፤ እሱ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የምትይዛትን የመሰለች ቦርሳ አንጠልጥሏል። ሻንጣዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ለአምስት ቀን? ምን ሆነሃል?» አለኝ። አፈርኩ።

ይህ ምናኔ ነው። እንዲያውም ከምናኔ ይበልጣል፤ ባሕታዊ እንኳ ቅልና መቋሚያ ይይዛል። ለኔ ሰው የጥርስ ሳሙናም የዚህ ዓለም ከንቱ ነገር ነው። ልዩነታቸው አንድ ነው፤ ባሕታዊው መፋቂያውን ራሱ ይቆርጣል።

ሆቴል እንደገባን የሻንጣዬ ማዕረግ ተገለጠልኝ። ለካ ግምጃ ቤት ኖሯል! በመጀመሪያው ምሽት ቻርጀር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅባትና ሁለት ጥንድ ካልሲ ወጪ ሆነ። በማግሥቱ ዝናዬ ፎቆቹን አዳርሶ፣ ዓይቼው የማላውቅ ሰው በሬን አንኳኩቶ «ዲዮዶራንት አንተ ጋ ነው አሉኝ» አለ። እኔም ሥራ በደንብ ይመራ ብዬ መመሪያ አሰናዳሁ። ገቢ በሞዴል 19፣ ወጪ በሞዴል 22። ጠያቂው የቅርብ አለቃውን አስፈርሞ ይቀርባል። የምሳ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 7፡30፣ አርብ ግን ከ5፡30 ጀምሮ ዝግ ነው። ካልሲ አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ ንብረት የሚለው ሦስት አባላት ባሉት ኮሚቴ ይታያል፤ ኮሚቴው እስኪወስን ጠያቂው በባዶ እግሩ ይታገሣል። ተረፈ ሳሙና ተመዝኖ ይመለሳል። በሳምንቱ ማብቂያ ቆጠራ ይደረግና የጎደለው ከግምጃ ቤት ኃላፊው ደመወዝ ይቆረጣል። ኃላፊው እኔ፣ ደመወዙም የኔ፣ የጎደለውም የኔ።

አርብ የኢትዮጵያ ቀን ነበር። ጥልፍ ሸሚዝ ሁለት ይዤ ነበርና የተሻለውን እሱ ለበሰ። ሜዳው ላይ ያየው ሁሉ «እንዴት አምሮብሃል!» ይለዋል። «ምን እባክህ፣ ዝም ብዬ ያገኘሁትን ነው የለበስኩት» ይላል። እውነቱን ነው።

ሲያትል በሰመር እንኳ ማታ ማታ ይበርዳል። ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራው ስፔስ ኒድል 184 ሜትር ነው፤ እላይ ሰገነቱ ላይ ስንወጣ ነፋሱ መጣ። «አንተ ሹራብ ደርበሃል አይደል?» ብሎ ጃኬቴን ከትከሻዬ ላይ አነሣው። እሱ ከተማውን ቁልቁል ሲያይ፣ እኔ ጃኬቴን ሳይ አመሸን።

ለነገሩ እውነተኛ ቀለል ያለች ተጓዥ አውቃለሁ። እዚያው ሆቴል የነበረች አንዲት እህታችን በአንዲት የእጅ ሻንጣ ሳምንቱን ጨረሰች። ማታ ማታ ያደረገችውን እያጠበች ታሰጣለች፤ የማንንም በር አላንኳኳችም። እሷ ስለ ጥበቧ አንድም ቀን ስታወራ አልሰማሁም።

የመመለሻው ቀን ደረሰ። ወዳጄ ከ1907 ጀምሮ ከቆመው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ቡናና የደረቀ ሳልመን ገዝቷል፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ በርበሬ ሰጥታዋለች። በትንሿ ቦርሳ ሊገባ? ቦርሳዋ ቀላል መሆን አለባት እኮ! «አንተ ጋ ቦታ አለ አይደል?» ሚዛኑ ላይ ሻንጣዬ 58 ፓውንድ መዘነ፤ የሚፈቀደው 50 ነው። ኋላዬ ሰልፈኛው ያጉረመርማል፤ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ሱሪ በሱሪ ላይ እደርባለሁ። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ይኸው! ብዙ ዕቃ አትያዝ አላልኩህም?» አለኝ።

ሽሙጡ እዚህ ላይ ይቁም። ይህ ሰው ቀለል ብሎ አልተጓዘም፤ እኔ ላይ ጭኖ ነው የሄደው። ስስታም ነው፤ ስስቱንም ሥልጣኔ ብሎ ሰየመው።

በርበሬውን ቤቱ ድረስ አደረስኩለት። ጃኬቴ ግራጫ ነው፤ ዚፑ አንገቱ ጋ ሲደርስ ይያዛል። ኳሱ ላይ ቦርሳው ትንሽ የሆነ ሰው ለብሶት ካያችሁ፣ የኔ ነው።