የአዝማሪው ገድል መቅድም

ባልደርስ ጌት ሦስት የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ እንግዳውን የሚቀበለው እግሩን በማጠብ ሳይሆን በዓይኑ ሥር አንዲት ትል በማስገባት ነው። ትሏን የሚያስገባው ፍጡር አፉ በተንዠረገጉ ክንዶች የተሸፈነ፣ ድምፅ ሳያሰማ ከኅሊና ወደ ኅሊና የሚናገር፣ ማይንድ ፍሌየር የሚሉት ጉድ ሲሆን፣ ሥራውንም የሚፈጽመው በአየር ላይ በሚቀዝፍ መርከብ ውስጥ ነው፤ መርከቡም በዘንዶ ጋላቢዎች ተሳዶ፣ የሲኦል የመጀመሪያ እርከን በሆነችው በአቨርነስ ላይ አልፎ፣ መጨረሻው በአንድ ወንዝ ዳር ተከስክሶ መቅረት ይሆናል። ተጫዋቹ አሸዋውን አራግፎ ሲነሣ፣ በራሱ ቅል ውስጥ የተቀመጠችው ትል በጊዜ ካልወጣች እርሱም በተራው ያንኑ ክንዳም ፍጡር እንደሚሆን ይረዳል። ገና በመቅድሙ ይህን ያህል መዓት ያወረዱ ሰዎች ለድርሳኑ ምን ሊያስቀሩለት ነው ብዬ መፍራቴን አልሸሽግም።

የነዚህ ሰዎች አገር ቤልጂግ፣ ከተማቸውም ጌንት ነው። ላሪያን ስቱዲዮስ የተባለውን ድርጅት ስቬን ቪንከ እ.ኤ.አ. በ1996 ካቋቋመው ወዲህ የተረት ዓለም ጨዋታዎችን ሲሠሩ ኖረው፣ የዚህኛውን የመጀመሪያ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕዝብ ከፈቱት፤ ተጫዋቹ ሲተች እነርሱም ሲያርሙ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐምሌ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሙሉውን አወጡት። ስሙንም ሥርዓቱንም ግን እነርሱ አልፈጠሩትም። ቀዳማዊውና ካልኣዩ ባልደርስ ጌት እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ2000 በካናዳው በባዮዌር የተሠሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት፣ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በወረቀት፣ በእርሳስና በዕጣ ጠጠር የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። የወረቀቱና የእርሳሱ የልጅ ልጅ ዛሬ 150 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል። እኔ ከተማሪ ቤት ጀምሮ የጻፍሁት ሁሉ፣ ከነረቂቁና ከነተሰረዘው፣ የዚህን ሺሕኛ እጅ አይሞላም፤ ስለዚህም የእህቴ ልጅ ለጨዋታው ቦታ ያስለቅቅ ዘንድ የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ሁሉ ከኮምፒዩተሬ ወደ ሌላ ዕቃ ሲያሻግር በትሕትና ዝም ብዬ ተመለከትሁ።

ተጫዋቹ ዘሩን፣ ቁመናውንና የጠጕሩን ቀለም ከመረጠ በኋላ ከአሥራ ሁለት ሙያዎች አንዱን እንዲይዝ ይጠየቃል። ጦረኛ አለ፤ ካህን አለ፤ መነኵሴም አለ፤ ይህኛው መነኵሴ ግን በጾምና በስግደት ሳይሆን በጡጫና በእርግጫ የሚጋደል ነው። ከዝርዝሩም መካከል አዝማሪን አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ለጀማሪ ጦረኛ ይሻላል» አለኝ የእህቴ ልጅ፤ «አዝማሪ እኮ ዋና መሣሪያው አፉ ነው።»

«እንግዲያስ ሙያዬን አግኝቻለሁ» አልሁት፤ ከሚቀርቡት የዜማ ዕቃዎችም የክራር የሥጋ ዘመድ የሆነውን ላየርን አንሥቼ ወደ በረሃው ወጣሁ።

ስለ አዝማሪው ጥቂት እንድዘገይ አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ ከጨዋታው ሁሉ ልቤን የማረከው እርሱ ነውና። ይህ ሰው ከሚያውቃቸው አስማቶች አንዱ ዘለፋ ነው። ጠላቱ ጎራዴ መዝዞ ሲመጣበት እርሱ በቆመበት ሆኖ አንድ የስድብ ቃል ይወረውርበታል፤ ተሰዳቢውም ከቃሉ የተነሣ በእውነት ይቆስላል፤ የቁስሉም መጠን በጀማሪነት ዘመን ከ1 እስከ 4 ነው። ከዚህም ሌላ ቅስሙ ስለሚሰበር በሚቀጥለው ተራው የሚሰነዝረው ምት የመሳት ዕድሉ ይበዛል። በመኳንንት ግብር ላይ ሲያወድስ ያመሸ አዝማሪ ሽልማቱ ያነሰበት እንደ ሆነ በቅኔ እንዴት አድርጎ እንደሚወጋ ከአያቶቹ ለሰማ ለኛ አገር ሰው ይህ አስማት ሳይሆን ታሪክ ነው። ጎብሊን የሚባለው ድንክ ሽፍታ፣ ጓደኞቼ በሰይፍና በቀስት ካዳከሙት በኋላ፣ በኔ ስድብ ነፍሱ ስትወጣ ባየሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጨብሁ። አንድ ነቀፌታ ብቻ አለኝ። አዝማሪው ከአፉ የሚያወጣቸው ስድቦች ሁሉ ሰም ብቻ ናቸው፤ ወርቅ የላቸውም። ጌንት ድረስ ሄዶ የሚያስተምራቸው አንድ የጎጃም ባለቅኔ ቢገኝ ጠላት ሁሉ ከአራት በላይ በቆሰለ ነበር።

አፍ ግን ብቻውን አይበቃም፤ የዚህ ዓለም ንጉሥ ዕጣ ነው። ሰውን ለማግባባት፣ ለማስፈራራት፣ ወይም ለማታለል በተፈለገ ቍጥር ሃያ ገጽ ያለው ጠጠር፣ ዳይስ የሚሉት፣ በሰሌዳው መካከል ይንከባለላል፤ ተጫዋቹም የንግግር ችሎታው የሚያስገኝለትን ጭማሪ ደምሮ ከተወሰነው ቍጥር መድረስ አለበት። 20 ከወጣ ነገሩ የቱንም ያህል ቢከብድ ይሳካል፤ 1 ከወጣ ግን አፈ ወርቅ ዮሐንስም ቢሆን አይረዳውም። በጠረጴዛው ጨዋታ ይህ ያለ ምሕረት የሚፈርድ ሕግ የሚሠራው በመሣሪያ ምት ላይ ሲሆን፣ የጌንት ሰዎች ግን በንግግሩም ላይ አጸኑት።

የዚህን ሕግ ክብደት ያወቅሁት ኤመራልድ ግሮቭ በሚባለው የደን ገዳም ውስጥ ነው። አንዲት ስደተኛ ሕፃን የገዳሙን ጣዖት ሰርቃ ተይዛለች፤ ካጋ የተባለችው የደኑ አለቃ መርዘኛ እባብ በልጅቱ ላይ አስጠብቃ ትፈርዳለች፤ ወላጆቿ በውጭ ሆነው ያለቅሳሉ። እንዲህ ላለው ነገር ሽማግሌ መሆን ከተጠራሁበት ሙያዬ ነውና፣ ጕሮሮዬን ጠርጌ፣ ልጅነቷን፣ ስደቷን፣ የምሕረትንም ታላቅነት የሚያወሳውን መልስ መረጥሁ። ጠጠሩ ተንከባለለ፤ ተንከባለለና 1 ላይ ቆመ። ሕፃኒቱ ለመሮጥ ስትነሣ እባቡ ነደፋት፤ ሞተችም።

እኔ እጄን በራሴ ላይ ጭኜ ስቀመጥ የእህቴ ልጅ ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ ኤፍ ስምንትን ይጫኑ» አለኝ።

ኤፍ ስምንት ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ቍልፍ ነው። ቀድሞ በኤፍ አምስት የተመዘገበው ሰዓት ይመለሳል፤ ልጅቱ ሕያው ናት፤ እባቡም አልነደፈም፤ እኔም ጕሮሮዬን እንደ ገና መጥረግ እችላለሁ። ንስሐ የሌለበት ሥርየት፣ ቀኖና የማይከተለው ኑዛዜ፣ ሰው ከአዳም ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ነገር እነሆ ከቍጥሮቹ በላይ በአንዲት ቍልፍ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ቍልፉን ተጫንሁ፤ በሁለተኛው ዕጣ ልጅቱ ወደ እናቷ ተመለሰች። የንስሐ አባቴ ስለዚህ ቍልፍ እስካሁን አልሰሙም፤ ከኔም የሚሰሙ አይመስለኝም።

በጨዋታው ማስተካከያ ውስጥ ደግሞ ካርሚክ ዳይስ የሚባል ነገር ከመነሻው በርቶ ይገኛል፤ ሥራውም መጥፎ ዕጣ በአንድ ሰው ላይ ተከታትሎ እንዳይበዛበት መጠበቅ ነው። ያን ዕለት የት ሄዶ እንደ ነበር አልጠየቅሁትም።

ስለ መንገድ ጓደኞቼ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን ዕቃዎቻቸውን ከመሸከሜ የተነሣ ትዕግሥቴ ስላለቀ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። አስታሪዮን የሚባለው ሲያገኘኝ ካራውን በአንገቴ ላይ አድርጎ ተዋወቀኝ፤ በኋላም በሰፈርንበት ሌሊት ደሜን ሊመጥ በተኛሁበት አጎንብሶ ተገኘ፤ ይህን ሁሉ ግን እጅግ በሠለጠነ አነጋገር ስለሚያደርገው መቆጣት ያስቸግራል። ጌል የተባለው ባለ አስማት ደግሞ በደረቱ ውስጥ ያለው መዓት እንዲረጋጋ አስማት ያደረባቸውን ዕቃዎች መብላት አለበት፤ በብዙ ድካም ያገኘሁትን የከበረ ቀለበት ለራት አቅርቤለታለሁ።

እዚህ ሞት ራሱ ዋጋ ወጥቶለታል። ዊዘርስ የሚባል፣ ከመቃብር ቤት የተነሣ ደረቅ አፅም፣ ከሰፈራችን ጥግ ቆሞ የሞተ ጓደኛን በ200 ወርቅ ያስነሣል። ትንሣኤ ሙታን በዝርዝር ዋጋ ሲሸጥ ማየት መጀመሪያ ቅር ቢለኝም፣ ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ሸለቆ ከወደቁ በኋላ ዋጋው ተገቢ ሆኖ ታየኝ። ሬሳን የሚያናግር አስማትም አለ፤ ሙቱ እስከ አምስት ጥያቄ ይመልሳል፤ ጠያቂው ገዳዩ ራሱ የሆነ እንደ ሆነ ግን አንዲት ቃል አይሰጠውም። ይህን ሕግ ያወጣ ሰው ስለ ፍትሕ አስቦበታል።

ዕቃ የመሸከሙን ነገር ግን ይቅር አልልም። አንድ ሌሊት ሙሉ ለማረፍ 40 የስንቅ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስለዚህም የታሪኩ ጀግና፣ የብዙዎች ተስፋ የሆነው አዝማሪ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው የሰው ቤት ገብቶ በርሜልና ሣጥን በመክፈት፣ አይብና ድንች በመልቀም ነው። ሸክሙ ሲበዛ እግሩ ይከብዳል፤ ከዚያም ማን ምን ይያዝ የሚለው ክርክር ይጀመራል። ዓለምን የማዳኑ ሥራ ከዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ብዙም አልተለየብኝም።

ሆኖም ፍርዴ ይህ ነው፤ ከጎራዴው ይልቅ ለንግግሩ የደከሙበት፣ ለእያንዳንዱ ቃል መልስ፣ ለእያንዳንዱም መልስ ዕዳ ያዘጋጁለት ሥራ ስለ ሆነ፣ ነገር ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚሻል የቪዲዮ ጨዋታ እስካሁን አላየሁም። ታሪኩ በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ ስሟ በመግቢያው የተጻፈው የባልደርስ ጌት ከተማ የምትገኘው በሦስተኛው ክፍል ነው። እኔ ያለሁት በመጀመሪያው ነው፤ የእንስሳትን ቋንቋ የሚገልጠውን አስማት ተምሬ፣ ማንነቱን ሊነግረኝ እምቢ ካለ አንድ በሬ ጋር በደኑ ገዳም ውስጥ እየተከራከርሁ እገኛለሁ።