መሰላሉ 14,000 ላይ ለምን አለቀ?

«ደመወዝ ቢጨመርልኝም ግብር ይበላዋል፤ ይቅርብኝ» አለ አንዱ ሻይ ቤት።

ኧረ ወንድሜ፣ ጭማሪ አይገፋም! የ14,000 ብር ደመወዝተኛ ግብሩ 2,850 ነው። 15,000 ሲገባ 3,200። ከተጨመረልህ 1,000 ብር ግብሩ 350፣ ጡረታው 70 ቢወስዱ 580 ኪስህ ይገባል። 35 በመቶው የሚያርፈው ከ14,000 በላይ ባለችው ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የታችኛውን አይነካም።

«ታዲያ ብዙ የሚያገኝ ለምን በመቶኛው ይጨመርበታል? ለፍቶ አይደል?»

ጋሼ፣ የቀን ሠራተኛውስ መቼ ተኝቶ ዋለ? ከ5,000 ብር ላይ 500 ሲነሳ የሚጎድለው ዘይትና ጤፍ ነው። ከ200,000 ላይ 67,950 ሲነሳ ከማጀቱ ዘይት አይጠፋም። ገቢ ሲያድግ ምጣኔው ማደጉ ፍትሕ ነው፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

የእኔ ጠብ ከግብር መሰላሉ ጫፍ ጋር ነው።

«አዲሱ አዋጅ እኮ አሻሽሎታል!»

አዎ፣ ሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ከግብር ነጻ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጓል። ደግ አደረገ። ጫፉስ? በ2008ቱ አዋጅ 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ስለነበር፣ ይህ ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። ዛሬ 14,000 ተብሏል፤ ማሻሻያው ሲጸድቅ በነበረው የባንክ ምንዛሪ ከ100 ዶላር ብዙም አያልፍም። ቁጥሩ ወጣ፣ ትልቁ ምጣኔ ግን ወርዶ የመካከለኛውን ደመወዝተኛ በር አንኳኳ። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ከፍሎ ወር መድረስ ያቃተው ሰው በምን ሒሳብ ነው የላይኛው እርከን ላይ የተቀመጠው?

«መንግሥት ገቢ ያስፈልገዋላ!»

ያስፈልገዋል፤ ሐኪም ቤቱም መንገዱም በዚያ ነው የሚሠራው። ግን የ15,000 ብር መምህርትና የ500,000 ብር ሥራ አስኪያጅ ከምትጨመርላቸው ከእያንዳንዷ ብር እኩል 35 ሳንቲም ይከፍላሉ። መሰላሉ 14,000 ላይ አልቋላ! መውጣት የነበረበት ከዚያ ወዲያ ነው።

«ባለ ትልቅ ደመወዙ ይሸሻል።»

የት አባቱ ይሸሻል? ግብሩ እኮ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ፔሮል ላይ ተቆርጦ ያልቃል። የ35 በመቶው መነሻ ከ14,000 ይራቅ፤ ለመቶ ሺዎቹ ደግሞ ከላይ ሌላ እርከን ይጨመር።