ወገብ ያለው ሐረር ይሂድ

(ጭሮ፣ ሽማግሌዎቹ እስካሁን አሰበ ተፈሪ የሚሏት። ከተማዋን ያቀኗት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ናቸው። ከመናኸሪያው አጠገብ ባለችው የጀበና ቡና ቤት ግን ቴአትር በየቀኑ አለ። በጡረታ ላይ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ጋሽ ኤንትሬ፣ ከባጃጅ እየወረደ ነው። እሱ እስኪወርድ ቡናው ተቆላ።)

እትዬ፦ እንኳን በደህና መጣህ! ምን አለህ የሐረሩ ስፔሻሊስት?

ጋሽ ኤንትሬ፦ መጀመሪያ ልቀመጥ አቦ! በርጩማውን ተይው፣ መደገፊያ ያለው ስጪኝ።

እትዬ፦ እኔ ድሮም ነግሬሃለሁ፤ ኩላሊት ነው።

ጋሽ ኤንትሬ፦ ባለፈው ለጉልበቴም ኩላሊት ነው ብለሽኝ ነበር።

እትዬ፦ ወርዶ ነዋ!

ባለባጃጁ፦ ጋሼ፣ ወጌሻ ጋ ሄደው አልነበር?

ጋሽ ኤንትሬ፦ አንዱ «አጥንትህ ቦታውን ለቋል» ብሎ መለሰልኝ። በማግሥቱ ሌላው «ማን ነው ያለቦታው የመለሰው?» ብሎ መልሶ አወጣው። ከዚያ ዲክሎፊናክ ተወጋሁ። ሕመሙ ሁለት ቀን እረፍት ወጣ፤ ሲመለስ ጨጓራን አስከትሎ መጣ።

ባለባጃጁ፦ የጤና መድን ደብተር አለዎት አይደል?

ጋሽ ኤንትሬ፦ አለኝ እንጂ! ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈር ነው የሚሉት። የአሰብን መንገድ ስነዳ የኖርኩ ሰው በየኬላው ልቁም? ዘልዬ አዲስ አበባ ገባሁና ኤምአርአይ ተነሳሁ። ዘልሎ ለሄደ መድኑ አይከፍልም አሉኝ፤ የበዓል በጋችን እዚያው ማሽን ውስጥ ቀረ።

እትዬ፦ ፎቶውስ ምን አለ?

ጋሽ ኤንትሬ፦ ዲስክ! ፊልሙን ፀሐይ ላይ ይዞ ያላየ የሰፈር ሰው የለም። የጎረቤት ልጅ ቆጥሮ «ጋሼ፣ ሁሉም አለ፤ የጎደለ የለም» አለኝ።

ባለባጃጁ፦ (እየሳቀ) ሐረርስ እንዴት ሄዱ?

ጋሽ ኤንትሬ፦ ተሸንፌ በደንቡ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሬ። ሪፈር ተጻፈልኝና ሚኒባስ ያዝኩ። ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ... አቦ! ስፔሻሊስቱ ጋ ለመድረስ ጤነኛ ወገብ ያስፈልጋል። ጤነኛ ወገብ ያለው ደግሞ እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ቁልቢ ስናልፍ ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። ሪፈር ሳይጠይቅ የሚቀበል እሱ ብቻ ነው።

እትዬ፦ እሺ፣ ሐኪሙስ?

ጋሽ ኤንትሬ፦ በግ የታረደበትን ፊልም ወደ ጎን አደረገና እግሬን ያነሳ ጀመር! «ዶክተር፣ እኔ ለወገቤ ነው የመጣሁት» ስለው፣ «ነርቩ ከወገብ ተነስቶ ወደ እግር ነው የሚወርደው» አለኝ። ጉልበቴን በመዶሻ መታ። በተረከዝህ ሂድ፣ በጣትህ ሂድ... ምልምል ወታደር አደረገኝ። ከዚያ ጥያቄ፦ ሌሊት ያልብሃል? ከስተሃል? ጥሬ ወተት ትጠጣለህ?

እትዬ፦ ወተትን ከወገብ ምን አገናኘው?

ጋሽ ኤንትሬ፦ ብሩሴሎሲስ የሚሉት በሽታ አለ፤ በጥሬ ወተት ገብቶ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያመጣል። ቲቢም ሳንባን ብቻ እንዳይመስልሽ፣ አከርካሪ ይበላል። እኔ ደግሞ ሚኤሶ ባደርኩ ቁጥር የግመል ወተት ሳልጠጣ አልተኛም ነበር። ደሜን ወሰዱ፤ ነጻ ነህ አሉኝ። ሽንትም መርምረዋል፤ ኩላሊትሽ ደህና ነው።

እትዬ፦ ማሽናቸው አላየው ይሆናል።

ባለባጃጁ፦ ታዲያ ቀዶ ጥገናው መቼ ነው?

ጋሽ ኤንትሬ፦ እሱ ነው ያቃጠለኝ! አያስፈልግህም አለ። «ዲስኩስ?» ብለው፣ «ባንተ ዕድሜ ምንም የማያመውንም ሰው ብናነሳ ብዙዎቹ ላይ እናገኘዋለን» አይለኝም? መድኃኒቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እንቅስቃሴ! ፊዚዮቴራፒ ክፍል አሳይተው፣ አልጋ ላይ አትዋል፣ በየቀኑ ተራመድ ብለው ሸኙኝ። ለመራመድማ ጭሮም መሬት አለ!

ባለባጃጁ፦ እና ተራመዱ?

ጋሽ ኤንትሬ፦ ማን አመጣኝና ነው የምትጠይቀኝ?

እትዬ፦ ስፔሻሊስት ተብሎ አንድ መርፌ እንኳ!

ጋሽ ኤንትሬ፦ ልወጣ ስል ብቻ ኮስተር አለ። «እግርህ ከሰነፈ፣ ስትራመድ ጫማህ ከተጎተተ፣ መቀመጫህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ሽንት እምቢ ካለህ ወይ ካመለጠህ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ግባ» አለኝ።

ባለባጃጁ፦ (ሲኒውን አስቀምጦ) ጫማ መጎተት ማለት... ሸበጥ ወልቆ ሲቀር ማለት ነው?

ጋሽ ኤንትሬ፦ የማን ሸበጥ?

ባለባጃጁ፦ የአንድ ጓደኛዬ።

እትዬ፦ ትናንት ደጃፌ ላይ ጥለኸው የሄድከው ያንተ አይደል እንዴ?

ባለባጃጁ፦ ኩንታል በቆሎ ካወረድኩ ወዲህ ቀኝ እግሬ ትንሽ ይደነዝዘኛል። ከሥራ አላስቀረኝም። ፍሬኑን ብቻ ሁለት ሦስቴ እረግጠዋለሁ።

(ጋሽ ኤንትሬ ዳገቱን ዞሮ አየ፤ ባጃጁንም አየ።)

ጋሽ ኤንትሬ፦ እኔን ከዚያ ዳገት ያወረድከኝ በዚህ እግር ነው?

ባለባጃጁ፦ በማርሽ ነው ያወረድኩዎት።

ጋሽ ኤንትሬ፦ ሽንትህስ?

ባለባጃጁ፦ ጋሼ! ሰው አለ እኮ!

ጋሽ ኤንትሬ፦ ሽንትህን ነው የጠየቅኩህ!

ባለባጃጁ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ከትናንት ጀምሮ... ብቆምም ቶሎ አይመጣም።

እትዬ፦ ይኼማ ለይቶለት ኩላ...

ጋሽ ኤንትሬ፦ ዝም በይ! ተነስ፣ ሆስፒታል።

ባለባጃጁ፦ ተራዬ ደርሷል እኮ ጋሼ። ባጃጁንስ ለማን ልተው?

ጋሽ ኤንትሬ፦ ቁልፉን ወዲህ በል። ኤንትሬ ከነተሳቢው የነዳሁ ሰው ባጃጅ አያቅተኝም። ከኋላ ግባ። አንቺም ደግፊው።

እትዬ፦ የቡናውን ሂሳብስ ማን ይከፍላል?

ጋሽ ኤንትሬ፦ በጤና መድን መዝግቢው!