ቆዳ በማንኪያ

ሃምሳን የተሻገረች ሴት አዲስ አበባ ውስጥ ሰላምታ ቀርቶባታል፤ አሁን የሚደረግላት ምርመራ ነው። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዤ ብቀመጥ፣ ሠርግ ላይ ሰሃን ይዤ ብሰለፍ፣ አንዷ ጠጋ ትልና ጉንጬን ገርምማ ጨርሳ «ኮላጅን አትወስጂም እንዴ?» ትለኛለች። ወዲያው ስልኳ ይወጣል። ቴሌግራም ላይ የምትሸጥ ልጅ ታውቃለች፤ ልጅቷ ከዱባይ የምታመጣላት አክስት አለቻት፤ ለእኔ ሲባል ደግሞ ዋጋው ይቀነሳል። ስለ ፊቴ እንቅልፍ ባጣ ሕዝብ መካከል መኖሬን ሳስብ ዕንባዬ ይመጣል።

ይህን ያህል ከታሰበልኝ እኔም ዱቄቱን ላመስግን።

ኮላጅን በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሩብ ያህሉን የሚይዝ፣ ቆዳን ወጥሮ፣ አጥንትን ከአጥንት በጅማት አስሮ የሚያቆም ነገር ነው። ዕድሜ ሲገፋ እያነሰ ይሄዳል፤ ፀሐይና ሲጋራ ደግሞ ያፋጥኑታል። እስከዚህ ድረስ ሐሰት የለበትም። ጥበቡ የሚጀምረው ፋብሪካው በር ላይ ነው። የከብት ቆዳና አጥንት፣ የአሳማ ቆዳ፣ የዓሣ ቅርፊት ተቀቅሎ በኢንዛይም ይከታተፋል፤ ደርቆም ዱቄት ይሆናል። ፔፕታይድ የሚሉት ይህንኑ ቁርጥራጭ ነው፤ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት። ሮዝ ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ስሙ ወጣትነት ይሆናል።

የጨጓራችን ጨዋነት ግን ከፋብሪካውም ይበልጣል። ክትፎውንም ሽሮውንም ሳያዳላ ፈጭቶ ለጉበት፣ ለጡንቻ፣ ለሚያስፈልገው ሁሉ ሲልክ የኖረው ጨጓራ፣ ይህን ዱቄት ሲያይ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፤ «እርስዎ ወደ ፊት ነዎት፣ ይለፉ!» አንጀትም ያሳልፋል፣ ደምም ይሸከማል፣ ግራ ዓይን ሥር ካለው ሽብሽብ ሲደርስ ያራግፋል። በእርግጥ አንዳንዱ ቁርጥራጭ፣ በተለይ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን የተጣመሩበት፣ ሳይበታተን ደም ውስጥ እንደሚገባ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይተዋል። ደም ግን ተረከዝም ይደርሳል። ተረከዜ ለሰለሰልኝ ያለች ሴት እስካሁን አልገጠመችኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተበላ ሁሉ ወደ አቻው የሚሄድ ከሆነ ቅርጫ አለቀለት።

እስከ ዛሬ ጎረቤት አዋጥቶ በሬ ይገዛ ነበር። በሬው ይታረዳል፣ ከየብልቱ ለየመደቡ እኩል ይደርሳል፣ ዕጣ ይጣላል፤ ያጉረመረመም ቢኖር በሆዱ ነው። ከእንግዲህ ዕጣ የለም፤ የሚቀርበው የሐኪም ማስረጃ ነው። ጋሽ በቀለ ሪህ አለባቸውና አራቱም ጉልበት የእሳቸው ይሆናል። ልጁ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ የሆነበት አባት አንጎሉን ከበሬው ግዢ በፊት አስይዟል፤ በሬው በሕይወት ሳለ ምን ምን እንዳነበበ የጠየቀ የለም። ምላሱ ላይ ደላላውና ጠበቃው ተፋጠዋል፤ የዕድሩ ጸሐፊ ሊያስታርቅ ገብቶ ጫፏን ለራሱ ጠየቀ። እማማ ለልጅ ልጃቸው ልቡን ለመኑ፤ ልጁ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ አሁን እንኳ ልብ ይግዛ ብለው። የሠፈሩ ግማሽ ጨጓራ በሽተኛ ስለሆነ እዚያ ላይ ደም ሊፈስ ነበር፤ የበሬ ጨጓራ አራት ክፍል እንዳለው አንድ የእንስሳት ሐኪም አስታውሶ ነገሩን አበረደው። ዱለት እንግዲህ ታሪክ ሆነ፤ መድኃኒትን ከትፎ በሚጥሚጣ የሚበላ ማነው? ሾፌሩ ዓይኑን ወሰደ። ፀጉሩ የሳሳው ጎረቤቴ ምንም ሳይናገር የጭራውን ጫፍ ኪሱ ከተተ። ሻኛውን፣ ያን ድሮ የምንጣላበትን ሻኛ፣ ለጀርባው የሚፈራ ሁሉ ሸሸው። በዘጠኝ ሰዓት ሽንጡና ጎድኑ ጠያቂ አጥቶ ዝንብ ሲወረው፣ እኛ ሴቶች ቆዳውን ለአራት ይዘን አንዳችን ወደ ላይ፣ አንዳችን ወደ ታች እንጎትታለን። በሰላም የተለያየነው አራጁ ቢላዋ በእጁ ስለነበር ብቻ ነው።

ይህ ቀልድ የመሰለው ሰው የቆርቆሮውን ጀርባ ያንብብ። እዚያም ላይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ቆዳ ብላ፣ ቆዳ ትሆናለህ።

ጥናት የለም እንዴ? አለ እንጂ! እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ 1,474 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 23 ጥናቶች ሰብስቦ መረመረ። ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ ቆዳው ረጥቧል፣ ሽብሽቡም ቀንሷል። ኩባንያ ገንዘብ ያልሰጠባቸው ለብቻ ሲታዩ ግን ምንም የለም። በጥራት የተሠሩት ለብቻ ሲታዩም እንደዚያው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ለዱቄቱ ከወዴት ይመጣል? ባለቤቱን የሚያውቅ፣ የከፈለለትን የማያሳፍር ዱቄት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ይህን ታማኝነት አልተረዳለትም፤ ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2011፣ የአንዱን ምርት የቆዳ መለጠጥ ጉዳይ ደግሞ በ2013 ማስረጃው አይበቃም ብሎ መለሰ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ችግር የለም። በ1994 በወጣው ሕግ ማሟያ የሚሸጥ ሰው መሥራቱን አስቀድሞ ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አይገደድም።

ነገሩ አዲስ መስሎ የታየው ደግሞ ለእኛ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ከአጥንት የወጣ ጄላቲን፣ ማለትም የዚሁ ዱቄት ታላቅ ወንድም፣ ለሆስፒታል ድሆች በሾርባ ይቀርብ ነበር። የሳይንስ አካዳሚው ያቋቋመው የማዣንዲ ኮሚሽን ዓመታት ፈጅቶ በ1841 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ ጄላቲን ብቻውን ውሾችን እንኳ እንደማያኖር ተናገረ። ትሪፕቶፋን የሚባለው የግድ የሚያስፈልግ አሚኖ አሲድ በኮላጅን ውስጥ እንደሌለ ዛሬ እናውቃለን፤ ውሾቹ ግን ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለመክሳት ብለው ሌላ ምግብ ትተው፣ ከቆዳና ከጅማት የተሠራ ፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ የጠጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ቁጥራቸው ወደ 60 ይጠጋል። በቀን አንድ ማንኪያ ማንንም አይገድልም፤ ይህን ላስፈራራ አላነሣሁም። ፕሮቲንነቱ ከሽሯችን እንደሚያንስ ለመናገር ነው።

ሽሮ ካልኩ ዘንዳ፣ በዐቢይ ጾም ድስቷን ቅቤ ነክቶት እንዳይሆን ሁለት ጊዜ የምታጥበው ወዳጄ ጠዋት ቡናዋ ውስጥ በሬ ታማስላለች። ኮላጅን ከእንስሳ እንጂ ከዕፅዋት አይገኝም ብላት ተቀየመችኝ። ከሙስሊም ጎረቤቶቼም ቆርቆሮውን አዙረው ምንጩ አሳማ ይሁን ከብት ያዩ ጥቂቶች ናቸው።

ሰው በገንዘቡ የፈለገውን ይብላ። ግን ጉልበቷን ለሚያማት እናት፣ የጡረታ አበሏን ተቀብሎ «የሐኪሙን መድኃኒት ተዪው፣ ይህ ይበልጣል» ማለት ሌብነት ነው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሻጯ ልጅ ፈገግ ብላ ነበር።

ቆዳን ከሁሉ በላይ የሚያስረጀው ፀሐይ ነው። ከተማችን ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተሰቅላ፣ ጨረሩን ብዙም ሳይጣራ ነው የምትቀበለው። ጃንጥላ ይረዳል። ሰውነት የራሱን ኮላጅን ለመሥራት ቫይታሚን ሲ ይፈልጋል፤ ቃሪያ ውስጥ ሞልቷል። ምን ያደርጋል፣ ቃሪያ ሮዝ ቆርቆሮ የለው፣ ከዱባይ አይመጣ።

ከብት በብዛት ካላቸው የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ነን። በዓል ባለፈ ማግስት ግን የበግ ቆዳ ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ይጣላል፤ አፍንጫችንን ይዘን እናልፈዋለን፤ አልፈንም ከዱባይ የመጣ ቆዳ በውጭ ምንዛሪ ዋጋ በማንኪያ ለመግዛት እንሰለፋለን። ለመጪው ፋሲካ የእኛ ሠፈር ቅርጫ በሬ ቆዳ፣ ከነሰኮናው፣ ለፈላጊ በነፃ ይሰጣል። ማዳበሪያና አንድ ኪሎ ጨው ይዛችሁ ኑ፤ መቀቀያ በርሜል አላከራይም።