ምሳዎን በደንቡ ይብሉ

በዋሺንግተንና በዙሪያዋ አዲስ ሥራ ከጀመሩ፣ ከሁሉ አስቀድመው የምሳ ሥርዓት ይማሩ። 30 ደቂቃ ይሰጥዎታል። አይከፈልበትም፤ ስለዚህ ጊዜው የራስዎ ነው። የራስዎ ስለሆነም ከግቢው መውጣት አይችሉም። ነገሩ አልገጥም ካለዎት አዲስ ስለሆኑ ነው፤ ይለምዱታል።

ቅር እንዳይሰኙ። የፌዴራሉ ሕግ ለሠራተኛ የምሳ ዕረፍት ይሰጥ ብሎ አሠሪን አያስገድድም። ዲሲም ሆነች ቨርጂኒያ ለአዋቂ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ሕግ የላቸውም። አለቃዎ ያልተገደደውን ሰጥቶዎታልና እጅ ነሥተው ይቀበሉ።

ምሳ ይዘው ሲሄዱ ዶሮ ወጥ ይቅርብዎ። ሽታው ሱፐርቫይዘሩን ከፎቅ ያወርደዋል። ሽሮ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አይስሟቸው። ክዳን ያልተደረገበት ሽሮ ማይክሮዌቭ ውስጥ ፈንድቶ ጣሪያውን ይለቀልቀዋል፣ የሚጠርጉትም ከዚያችው 30 ደቂቃ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነም፣ ምሳ አልበላሁምና አይቆረጥብኝም ብለው እንዳይሳሳቱ። ኮምፒዩተሩ ጾም አያውቅም፤ በሉም አልበሉም ግማሽ ሰዓቱን በራሱ ይቆርጣል።

መኪናዬ ውስጥ ጋደም ልበል ካሉ ደግሞ የት እንዳቆሙት ይዩ። አንዳንድ ቦታ መኪናው ከአጥሩ ውስጥ ከሆነ ጨዋ ሠራተኛ ነዎት፣ አንድ ሜትር ወጣ ካለ ኮብልለዋል። የሚተኙት ያው ወንበር ላይ ነው፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀናው የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባዩ ነው። እሱ የት ልብላ ብሎ አይጨነቅም፤ የሚበላው እዚያችው የመስታወት ቤቱ ውስጥ ነው። ቀኝ እጁ እንጀራ ላይ፣ ግራ እጁ ትኬት ላይ። ሾፌር ሲመጣ ጉርሻውን ዋጥ ያደርግና ፈገግ ይላል። እርስዎም እንደዚያ ያድርጉ። ብቻ ያንን ግማሽ ሰዓት አለቃዎ «ምሳ ላይ ነበርክ» ብሎ ሲቆርጠው ዝም አይበሉ። ዴስኩ ላይ እንዲበላ የታዘዘ የቢሮ ሠራተኛና ከማሽኑ ሳይርቅ እንዲበላ የታዘዘ የፋብሪካ ሠራተኛ እየበሉ ሥራ ላይ ናቸው የሚለው ራሱ የፌዴራሉ ደንብ ነው። አለቃዎ ከግቢ አትውጣ ማለት ይችላል፤ ይህን ደንቡ ፈቅዶለታል። ግን ያን ጊዜ ከሥራ ሙሉ በሙሉ ሊለቅዎት ይገባል። ከ20 ደቂቃ ያነሰ ዕረፍት ከሆነማ ጭራሹን ሊቆርጠው አይችልም።

ካሊፎርኒያ ያለ ዘመድዎ ግን በዚህ ይስቅብዎታል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እንደወሰነው፣ እዚያ በምሳ ሰዓት አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራም ከቁጥጥሩም መልቀቅ አለበት። ከግቢ አትውጣ ካለ ይክፈል። ይህን የሰሙ ለት ለአለቃዎ አይንገሩት፤ ምሳው ይዘጋዋል።

እንግዲህ ምክሬን ይስሙና ደንቡን ሳያዛንፉ ያክብሩ። ምሳ ላይ ነህ ከተባሉ ምሳ ላይ ይሁኑ። ስልክ ቢጮህ የእርስዎ አይደለም። ሱፐርቫይዘሩ «አንዴ ብቻ» እያለ በሩን ከፈት ሲያደርግ አይቆጡት፤ እሺ ብለው ይነሡ፣ ሥራውን ይሥሩለት፣ ከዚያ የተነሡበትን ሰዓትና ቀኑን በደብተር ያስፍሩ። በሚቀጥለው ቼክ ከተቆረጠው ጋር ያመሳክሩት። ካልተስማማ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል አቤቱታዎን በነፃ ይቀበላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውንም ያስተናግዳል። ደብተሩን ግን አይጣሉ፣ ብዙም አይቆዩ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፣ አሠሪው እያወቀ ያደረገው ከሆነ በሦስት።